ርካሹ ሽሮ

ሰኞ

ዛሬም ሽሮ። ምን ይደረግ፣ ሁዳዴ ነው፤ ቤት ኪራይ ተከፍሎ የሚተርፈው ለሽሮና ለድንች ብቻ ነው። ግን እንደኔ የሚያጣፍጠው ይምጣ! ግማሽ ሽንኩርት፣ ዘይት በማንኪያ፣ ነጭ ሽንኩርት ሁለት ፍሬ፣ በቃ። ብርቄ ድስቱን በጣቷ ጠረገችው። ከመርሐቤቴ ለኮሌጅ መጥታ እዚህ መሐል ሜዳ አብራኝ ከተከራየች ጀምሮ ወጥ ሠሪዋ እኔ፣ ውኃ ቀጂዋ እሷ ናት።

ዛሬ ግን ጀሪካኑን መንገድ ላይ ሦስቴ አስቀመጠችው። "እግሬ ከበደኝ" አለች። ብርዱ ነው አልኳት።

ማክሰኞ

ብርቄ ጧት ባቷን ጨምድዶ ይዟት ስታለቅስ ነቃሁ። አሸሁላት። ኮሌጅ ደረጃው ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ

አከራያችን እትዬ ሙሉ ብርቄ እግሯን እየጎተተች ስታልፍ አይተው መጡ። ሽሮውን ከጣሳው ቆንጠር አድርገው ቀመሱና ፊታቸው ተለወጠ።

"ልጄ፣ ጓያ አለበትኮ። ወንድሜን የሰበረው ይሄው ነው፤ እስከ ዛሬ በሁለት ዱላ ነው የሚሄደው።"

"ኧረ እትዬ፣ የአተር ነው ብለው ነው የሸጡልኝ" አልኩ። ዋሸሁ። ሻጯ ነግራኛለች፤ የረከሰውም ለዚያ ነው።

እኛ አገር ራቤል፣ ጓያ ሰው የሚሰብረው ሲበላ ሳይሆን ሲበስል በሚወጣው እንፋሎት ነው ሲባል ነው ያደግሁት። ስለዚህ በሩን ከፍቼ፣ ፊቴን አዙሬ፣ ብቻዬን እሠራ ነበር። ብርቄን ምድጃው አጠገብ አላስደርስም። እየጠበቅኋት መስሎኝ! ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤተሰብ ጋ ስሄድ እንኳ ሠርቼ አስቀምጥላት ነበር። ያንን ስትበላ ትውል ነበር።

ሽሮውን ደፋሁት። ለብርቄ ግን ምንም አላልኩም።

ሐሙስ

ጤና ጣቢያ ደግፌ ወሰድኳት። ሐኪሙ ጉልበቷን መታ መታ አደረገና "ምን ስትበሉ ከረማችሁ?" አለ።

"ሽሮ። የአተር" አለች ብርቄ።

"ጓያ አለበት" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሐኪሙ መዶሻውን አስቀመጠ። ቀጥሎ፣ የተጎዳው ላይመለስ እንደሚችል፣ አሁኑኑ ማቆም እንዳለብን ነገረን። ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፈ።

መንገድ ላይ "ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

ክንዴን ለቅቃ አጥሩን ይዛ ሄደች።

ዓርብ

ብርቄ ነገ በመጀመሪያው መኪና ደብረ ብርሃን ትሄዳለች። አብሬሽ ልሂድ ስላት ተነሥታ ወደ ምድጃው ሄደች። ግድግዳ ተደግፋ ድንች ቀቀለች። ላግዛት ስል "እንዳትነኪው!" አለች። ለራሷ ብቻ አወጣች። እውነቷን ነው።

ሳህኗን ላነሳላት ብድግ ስል ግራ ባቴ እንደ እንጨት ገተር አለ። ግድግዳውን ያዝኩ። አምላኬ! ልደብቃት ነበር፤ ጨነቀኝ።

"ብርቄ፣ እኔንም ጀመረኝ" አልኳት።

እግሬን አይታ "ቁጭ በይ" አለች። ድስቱ ውስጥ የቀረውን ድንች አውጥታ ሰጠችኝ።

ነገ እስከ መናኸሪያ ማን ማንን እንደሚደግፍ እንጃ።