ማሽላ ጠባቂዋን ለሸዋ ሮቢት ያቆሙት የአቶ ደሳለኝ ተክሌ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደሳለኝ ተክሌ ከአባታቸው ከአቶ ተክሌ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበበች በይፋት አውራጃ፣ ቀወት ውስጥ በ1931 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጎረቤት ድስታቸውን ገዝቶ ይሠራበታል፤ “ቡዳ ናቸው” ስለሚባል ግን ከእጃቸው አይጎርስም። አቶ ደሳለኝም እስከ አራተኛ ክፍል ሲማሩ አጠገባቸው የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም።

ግንበኝነት ለምደው በ1958 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸዋዬ ደምሴን አገቡ።

በ1976 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከተማው ሐውልት እንዲኖረው ተወሰነ። ከአዲስ አበባ ቀራጺ ማምጣት ስላልተቻለ ሥራው ለእሳቸው ተሰጠ። ማማ ላይ ሆና በወንጭፍ ወፍ የምትጠብቅ የቆላ ሴት ሊሠሩ አሰቡ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በእሳቸው ዓይን ልትታይ የምትፈቅድ ሴት ጠፋች። ባለቤታቸው፣ ያውም ነፍሰ ጡር ሆነው፣ ጽንሱ ይወርድብኛል ብለው እየፈሩ በርሜል ላይ ቆሙላቸው። አላፊ አግዳሚው “እትዬ ሸዋዬ፣ ዛሬስ ባልዎ በዓይናቸው ጨረሱዎት!” ሲላቸው፣ “አሥራ ስምንት ዓመት አይተውኝ ይኸው ገና አላለቅሁም!” ይሉ ነበር። ልጅቷም በሰላም ተወለደች።

የፌሮና የሲሚንቶዋ ሴት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ስትመረቅ ከተማው እልል አለ። ዛሬ ተሳፋሪው “ሴትዮዋ ጋ ወራጅ አለ” ይላል። ወደ ማጀቴ የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ ያያታል፤ ሸዋ ሮቢት ጥበብ ያለባት ከተማ ናት የተባለውም በእሷ ነው። በምርቃቱ ዕለት ግን ለአቶ ደሳለኝ ምሳ የቀረበላቸው ለብቻቸው ነበር። ልጃቸውን ክርስትና ያስነሱ ዕለትም፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ በራቸው ላይ ቆመው ሰው ሲጠብቁ ዋሉ። የመጣ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለሱ ከሐውልቷ ፈንጠር ብለው ይቀመጡና ሰው ሲያደንቃት ይሰሙ ነበር።

ወባ ጥሏቸው ሰንብተው ጥቅምት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ። እድር ያስገባቸው ስላልነበረ ባለቤታቸው ሬሳቸውን ማን ይሸከምልኛል ብለው ሲጨነቁ፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ሽፈራው “ሴትዮዋን የሠራልንንማ ከተማው ይቀብረዋል” ብለው ጡሩንባ አስነፉ። እናንተም መጣችሁ፤ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው ቀርተዋል። ሰው የነፈጋቸውን ማዕድ ፈጣሪ በአብርሃም ቤት ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

ከቀብር መልስ ቤታቸው ንፍሮ ተዘጋጅቷል። ያበሰሉት ባለቤታቸው ናቸው። አንድ ፍሬም ቢሆን ቅመሱላቸው። የማይሆንላችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ልጆቹ ሳያዩ ሂዱ።