ብሩክ የሄደበት ሳምንት

ሰኞ

ብሩክ ሄዷል። ታሞ ይሆናል፣ ስልኩ ተሰርቆ ይሆናል እያልኩ ጠዋቱን ሙሉ ስደውል ነበር፤ ዝግ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መልእክት ገባልኝ። «ሰሚ፣ ዲላን አልፈናል። ወደ ሞያሌ ነው፤ ከዚያ በኬንያ አድርገን ደቡብ አፍሪካ። አትቀየሚኝ። ለእማዬ ፕሮጀክት ላይ ነን በያት። ስደርስ ራሴ እነግራታለሁ።» መልሼ ደወልኩ። ዝግ።

አራቱንም ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ አብረን ተምረን፣ ቅዳሜ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ልናቀርብ፣ ሰኞ ሄደ። ተናደድኩ። ከዚያ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ።

ፕሮጀክቱ የሰፈራችን ክሊኒክ ነው። የካርድ ክፍሉን፣ ላብራቶሪውንና የሐኪሙን ክፍል በኔትወርክ አገናኝተን፣ የበሽተኛው ካርድ በእጅ ከክፍል ክፍል መዞሩ ቀርቶ ሁሉም ከአንድ ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ እንዲያነብ ነው። ኬብሉን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊችም የእኔ ሥራ ነው። ሰርቨሩ የብሩክ ነው። ፓስወርዱን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞት ሄደ።

ከሁሉ የባሰው የእናቱ ነገር። እትዬ አስካለ ሸማ ተራ፣ የአባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላ ይቋጫሉ። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እዚያው ናቸው። አመሻሽ ላይ ሳልፍ እጄን ያዙኝ።

«ሰሚዬ፣ እዚያው ኮሌጅ እያደርን ነው የምንሠራው ብሎኝ ወጣ። ለመሆኑ ይበላል?»

«ይበላል፣ እትዬ» አልኩ።

እንዲህ ቶሎ መዋሸት እንደምችል አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት እትዬ አስካለ ምሳ ዕቃ አሲያዙኝ። እንቁላል ፍርፍር፣ ቃሪያው ለብቻው በላስቲክ። «ካላቃጠለው አይጥመውም» አሉ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ክሊኒክ ደርሼ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጥኩ። የእናቱን ስም ሞከርኩ። የሰፈሩን ስም ሞከርኩ። የሚደግፈውን ቡድን፣ የድሮ ስልኩን ቁጥር፣ የራሴን ስም ሳይቀር። አይከፈትም። የካርድ ክፍሏ ሲስተር ትዕግሥት በየመሃሉ ብቅ እያለች «ደረሰ እንዴ?» ትላለች። ከኋላዋ አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ ቆማለች፤ የልጇ ካርድ ጠፍቶ ጠዋቱን ሙሉ እየተፈለገ ነው። ለእሷም «ነገ» አልኳት። ነገ ምን እንዳለ እንጃ።

ምሳውን መክፈት አቃተኝ። ለዘበኛው ለጋሽ ሱልጣን ሰጠሁትና ዕቃውን አጥቤ መለስኩ።

«ጨረሰው?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ጨረሰው።»

ፊታቸው በራ። ያን ፊት ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

እትዬ አስካለ ዛሬ ጾም ነው ብለው ሽሮ አሲያዙኝ። እሱንም ለጋሽ ሱልጣን።

አድቫይዘራችን ጋ ሄድኩ። ብሩክ አይመጣም አልኩት እንጂ ለምን እንደማይመጣ አልነገርኩትም። «እንግዲህ የሱንም ድርሻ አንቺ ታቀርቢያለሽ» አለኝ፤ «ሰርቨሩ ካልሠራ ፕሮጀክት የለም።» ክፉ ሰው አይደለም። ደክሞታል።

ስመለስ ሲኒማ ራስ ጋ ከታክሲ ወረድኩ። ያሬድ እዚያው መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፎ የስልክ ከቨርና ቻርጀር ዘርግቷል። ያሬድ አምና ከዲፓርትመንታችን አንደኛ የወጣው ነው። በጋዋን የተነሳው ፎቶ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ብሩክ በቅርቡ እዚሁ አጠገቤ ቆሞ «ሰሚ፣ እኛም እኮ የምንመጣው እዚህ ነው» ብሎኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ።

«ብሩክስ?» አለኝ ያሬድ።

«ደህና ነው።»

ያሬድ ከቨሮቹን መደርደር ቀጠለ። የሚያውቅ መሰለኝ።

ከሰዓት ቆረጥኩ፤ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ከባዶ ልጀምር። ብሩክ የሰርቨሩ መግቢያ ገጽ ላይ «ሰላም ሰሚ፣ አትነካኪ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል ማሽኑ። እርግጠኛ አልነበርኩም። ተጫንኩት። ወራት የሠራው ሁሉ ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አልቆየም።

ሐሙስ

አባ ነገሩን አወቀ። ጋሽ ሱልጣን መስጊድ አግኝቶት «ልጅህ ምሳ እያበላችኝ ነው፣ አላህ ይስጣት» ብሎ አመሰገነው። አባ የትኛው ምሳ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም።

«ብሩክ የት ነው?»

ነገርኩት።

«ለእናት እንዲህ አይዋሽም። ሂጂ ንገሪያት። አሁን።»

«ምን ብዬ?»

«እንደሆነው።»

እትዬ አስካለ አጠገብ በርከክ አልኩ። ጉልበታቸው ላይ ዘርፉ ገና ያልተቋጨ ነጠላ አለ። ነገርኳቸው። ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካ። ጣታቸው አላቆመም። አንዱን ቋጠሮ ጨርሰው ሌላውን ጀመሩ።

«መቼ?»

«ሰኞ።»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ታዲያ ምሳውን ማን በላው?»

«የክሊኒኩ ዘበኛ።»

«ይብላ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱም የሰው ልጅ ነው። ይብላ።»

አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ፣ ቢመቱኝ ይሻል ነበር። ነጠላውን አጣጥፈው ተነሱና ወደ አንዋር መስጊድ አቅጣጫ መሄድ ጀመሩ፤ ቤታቸው በዚያ በኩል አይደለም። አባ ሱቁን ዘግቶ ተከተላቸው፤ እጃቸውን ይዞ አዞራቸው።

ዛሬ ምንም አልሠራሁም።

ዓርብ

ክሊኒኩ ጋ ጠዋት መብራት አልነበረም። ከጁምዓ በኋላ መጣ። ሰርቨሩን እንደገና ጭኜዋለሁ፤ የብሩክን ያህል አያምርም። ካርድ ክፍሉ ያነባል። ላብራቶሪው ያነባል። የሐኪሙ ክፍል አያነብም። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ስዊቹ ላይ ቦታ ቀየርኩ። አያነብም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እስከ ነገም የማውቀው አይመስለኝም።

ከዚያ ከአባ ጋር እትዬ አስካለ ቤት ሄድን። ጎረቤቶች እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አንዷ በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ስለሞቱ ልጆች ልታወራ ስትጀምር አባ «እሜቴ፣ ስለ አላህ!» ብሎ ዝም አሰኛት። እትዬ አስካለ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩታል።

«አንቺም ትሄጃለሽ?» አሉኝ ድንገት።

«አልሄድም፣ እትዬ።»

«ለምን?»

ዲግሪዬን ይዤ እዚሁ እሠራለሁ የሚለው መልስ ያሬድን ካየሁ በኋላ ከአፌ አይወጣም። «አባን ትቼ የት እሄዳለሁ» አልኩ። አባ ወደ በሩ አየ።

ቅዳሜ

አባ ሰርቨሩን ታክሲ ድረስ ተሸከመልኝ። ኮሌጅ ሁለት ፈታኞችና አድቫይዘሬ ጠበቁኝ፤ በክሊኒኩ ሦስት ክፍሎች ምትክ ሦስት ኮምፒውተር አገናኘሁ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች አነበቡ፣ ሦስተኛው፣ የሐኪሙ፣ እንደ ትናንቱ እምቢ አለ። ከዚያ ጥያቄ መጣ፤ አንድ የበሽተኛ መረጃ እየተመዘገበ እያለ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ብሩክ አስቦበት ነበር፤ አንድ ቀን በሰፊው አስረድቶኛል። እኔ የሠራሁት ውስጥ ግን የለም። «ይጠፋል» አልኩ።

«የፕሮጀክት አጋርሽ የት ነው?»

ታሟል ልል ነበር። «ሄዷል» አልኩ። «በሞያሌ።»

ሴትዮዋ ፈታኝ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ውጤቱ፦ አልፈሻል አይባልም፤ አስተካክለሽ በሚቀጥለው ሴሚስተር ታቀርቢያለሽ። ኮሪደሩ ላይ ልጆች ጋዋን እየተዋዋሱ ፎቶ ይነሳሉ። በመሃላቸው ሰርቨሬን ታቅፌ አለፍኩ። ይቅርታ፣ አሳልፉኝ፣ ይቅርታ።

ሱቅ ደርሼ ቁጭ እንዳልኩ ስልኬ ጠራ። የውጭ ቁጥር ነው።

«ሰሚ?» ብሩክ ነው። ድምፁ ሻክሯል። «ቶሎ ልንገርሽ፤ ስልኩ የፖሊስ ነው። ኬንያ ተይዘናል። እስር ቤት ነን። ይመልሱናል ይላሉ፤ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። እማዬ አውቃለች?»

«አውቃለች። ቆይ፣ አትዝጋ!»

ስልኩን ይዤ ሮጥኩ። በሸማ ተራ መሃል፣ ተሸካሚ እየገፋሁ፣ ሰው እየሰደበኝ። እትዬ አስካለ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ነበሩ። ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው።

ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሳቸው ግን «ልጄ» አሉ። «መሬት ላይ ነው የምትተኛው? … ውሃስ ይሰጧችኋል?… አትመልስላቸው፣ እሺ በላቸው።» ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ሰሚ፣ አለፍን እንዴ?» አለኝ ብሩክ። አለፍሽ አላለም፤ አለፍን ነው ያለው።

ሳልመልስለት ተቋረጠ።

እትዬ አስካለ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ አጎነበስኩ። ሲያመሰግኑ ነበር።

«ታስሯል» አሉኝ ቀና ብለው። «ተመስገን፣ ታስሮልኛል። እስር ቤት ጣሪያ አለው።»

«አሚን» አልኩ።