ነፋስ ሲነሣ ዝም ስለሚለው ማጉያችን

ለተከበሩ የደሴቶች ኢንተርኔት ጥገና ኃላፊ፣

ጤናዎና የቢሮዎ ኢንተርኔት እንደምን ሰነበቱ? ሁለቱም ሳይቆራረጡ እንዲዘልቁልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በኮሪያ ደቡብ ባሕር ካለችው ትንሽ ደሴታችን የምጽፍልዎ፣ የባሕር ጠላቂዋ የጉምሬ ባል፣ ጡረተኛው ቢዮን ማንሱ ነኝ።

አንደኛ፣ ምሰሶ ላይ የነበረውን የመንደራችንን ድምፅ ማጉያ አውርዳችሁ በየቤታችን በኢንተርኔት የሚሠራ ትንሽ ማጉያ ስላስቀመጣችሁልን እናመሰግናለን። አሮጌው የመንደሩን አለቃ የማዕበል ማስጠንቀቂያ በዝናብም በነፋስም ጮኾ ያሰማን ነበር፤ አዲሱ ጨዋ ስለሆነ ነፋስ ሲነሣ ዝም ይላል።

ሁለተኛ፣ በስልክ ያዘዛችሁኝን ሁሉ ፈጽሜአለሁ። ራውተሩን ነቅዬ ሰክቻለሁ፣ ገመዱን ቀይሬአለሁ፣ ከሩዝ ማብሰያው አርቄም ኪምቺ የምንለው ኮምጣጣ ጎመናችን የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ አናት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጉምሬ «እኔን እንዲህ ተሸክመህ አታውቅም፣ አንተ ሽማግሌ!» ብላ ቀንታበታለች።

ሦስተኛ፣ ባለሙያችሁ የሚመጣው በጀልባ ነው፤ ጀልባዋ የምትመጣው ባሕሩ ሲረጋ ነው፤ ባሕሩ ሲረጋ ደግሞ መስመሩ ምንም አይሆንም። ስለዚህ በመጣ ቁጥር «ብልሽት የለም» ይላል። ሲሰናበተንም «አባባ፣ ከቢሮ ሲደውሉልዎ እጅግ ረክቻለሁ ይበሉልኝ፤ አለዚያ አለቃዬ አይለቀኝም» ብሎ ይለምናል። አንጀታችን ስለማይችል መንደሩ በሙሉ እጅግ ረክቻለሁ ብሏል። ከደንበኞቻችሁ ሁሉ ደስተኞቹ እኛ ሳንሆን አንቀርም።

አራተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለፈው ሳምንት የማዕበሉ ማስጠንቀቂያ ቤታችን የደረሰው ጉምሬ ከባሕር ተመልሳ ፀጉሯን ስታደርቅ ነው፤ ውኃው ከሥር ሲቀዘቅዝባት ራሷ ፈርታ ወጥታለች። ማጉያውን አይታ «አሁን ነቃህ፣ ጌታው?» አለችው፤ ሳቅን። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሶ ግን አልሳቁም፤ እሳቸውን ማዕበሉ ከከበበው አለት ላይ በገመድ ጎትተን ነው ያወጣናቸው።

ጠላቂዎቹ ሴቶቻችን ለመኸር በዓል ገበያ ስለሚቸኩሉ ከባሕሩ ሥር ዛጎል ሊለቅሙ በየማለዳው ይወርዳሉ። ማጉያው ዝም ካለ ባሕሩ ደኅና ነው ብለው የለመዱት ከአሮጌው ምሰሶ ነውና፣ ዛሬም ዝምታውን ያምኑታል። ስለዚህ ወይ ባለሙያዎን በማዕበል ቀን ይላኩልን፣ ወይ ምሰሷችንን ይመልሱልን።

በታላቅ አክብሮትና አልፎ አልፎ በሚቋረጥ ትሕትና፣
ቢዮን ማንሱ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ የመስኮቱ መዝጊያ መንኳኳት ጀምሯል። ራውተሩ ቀይ አብርቷል፤ ማጉያው ዝም ብሏል። የጉምሬ የመጥለቂያ ልብስ መስቀያው ላይ የለም። እርስዎ አይቸኩሉ። እኔ የእርስዎን ሥራ ልሠራ እየጮኽኩ ወደ ባሕሩ መውረዴ ነው፤ የእኔ ድምፅ ግን እስከ አለቶቹ አይደርስም።