የለመደ አፍንጫ

ውድ ጋሼ፣

ልጆቹ ጠጡት! ሰላምታ አስቀድሜ፣ ጤናዎን ጠይቄ ልጀምር ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ትናንት በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል አሥራ አራት ልጆች የእኛን የዓሣ ዘይት ከወተት ጋር ግጥም አድርገው ጠጡት። አንድም የተፋ የለም። አንዲቱማ ብርጭቆዋን ዘቅዝቃ ለነርሷ አሳየቻት።

ደስታውን ካበሰርኩዎ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ያን ቀን በስብሰባው ላይ ያልኩትን እርስዎም አልረሱትም። ዘይቱን በፕሮቲንና በስታርች ሸፍነን፣ በሞቃት አየር አድርቀን ዱቄት አድርገነው ነበር። እያንዳንዷ ጠብታ ልብሷን ለብሳለች፤ አትሸትም፣ አየር አይነካትም፣ አትበላሽም ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። የዘይት ክፍላችን ሰባት ሠራተኞች ቀምሰው "ምንም የለውም" ብለው ፈርመዋል። እርስዎ ብቻዎን አልፈርምም አሉ።

"ልጄ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመታችን ነው? አፍንጫችን እኮ ለምዷል። እኛ ምስክር መሆን አንችልም።"

እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ጋሼ፣ ይሄ የእርጅና እንጂ የሽታ ጉዳይ አይደለም" አልኩ። ሰው ሳቀ። እርስዎ ብዕርዎን ኪስዎ ከተው ወጡ፤ በወሩ ጡረታዎን ጠየቁ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ የመሸኛ ኬክዎን በላሁ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? መከራው ሳይውል ሳያድር መጣ። የላክነውን ዱቄት ልጆቹ በመጀመሪያው ጉንጭ ተፉት። ሐኪማቸው ደወለችልኝ። "እነዚህ ልጆች ከበሽታ ገና መነሳታቸው ነው፤ ዘይቱ ያስፈልጋቸዋል። ግን ይሄ ይከረፋል! አንድ ዕድል ልስጥሽ፤ ከዚያ በኋላም ከተፉት እተወዋለሁ" አለችኝ። እኔ ግን አላመንኳትም። ልጆቹ ሞልቃቃ ቢሆኑ ነው አልኩ።

በዚያው ሰሞን እግሬን ወለም ብሎኝ ሦስት ሳምንት ቤት ዋልኩ። ተመልሼ የናሙናውን ከረጢት ስከፍት ክው አልኩ። ዓሣ! ያውም የሰነበተ ዓሣ! ክፍሉ፣ ወንበሬ፣ የሥራ ጋወኔ ሳይቀር ይሸታል። ለካ ባለቤቴ "ልብስሽን በር ላይ አውልቂ" የሚለኝ ሲቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የዘይት ክፍል ሰው እንዳይቀምስ ከለከልኩ፤ ራሴንም ጨምሮ። ጥበቃውንና የጋወን ሰፊዋን ቀማሽ አደረግኳቸው። ጥበቃው "ምን በደልኩሽ?" እያለ ይሸሸኝ ነበር። እሱ ፊቱን ባጨማደደ ቁጥር እኛ ስህተታችንን ስንፈልግ ከረምን። አገኘነው፤ ጥቂት ዘይት ከሽፋኑ ውጭ እየቀረ፣ አየር እያገኘው ይበላሽ ነበር። ጠብታውን የበለጠ አደቀቅን፣ ሽፋኑን ደረብን። ሲቆይ ይበላሽ እንደሆነ ለማየት ዱቄቱን ሙቅ ሣጥን ውስጥ ሦስት ወር አቆይተን ለጥበቃው ሰጠነው። አሸተተ፣ ቀመሰ፣ ደገመ። "ዛሬ ደግሞ ዘይቱን ረሳሽው እንዴ?" አለኝ። ጋሼ፣ አቅፌ ሳምኩት!

ትናንት ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ስብሰባ ሄድኩ። ያኔ የሳቁት ሁሉ ነበሩ። ቆሜ፣ "የተሳካልን ጋሼ ያሉትን ስለሠራን ነው። በፊታችሁ አዋርጃቸዋለሁ፤ በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ" አልኩ። እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም። አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጁ ግን፣ "ታዲያ ለእኛ ከምትነግሪን ለሳቸው አትነግሪም?" አለኝ። እውነቱን ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።

ሰኞ የተልባ ዘይት እንጀምራለን። ከትናንት ወዲህ የምናገረውን ሁሉ ሰው እሺ ይለኛል፤ እንደዚህ ያስፈራኝ ነገር የለም። እባክዎ ይምጡልኝ።

አክባሪዎ፣
ድል ያሰከራት ኬሚስት