የክብር እንግዳው ግብ

ታኅሣሥ 29፣ እንጅባራ

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ዛሬ የገና ጨዋታ ክለባችን ምሥረታ በዓል ነበር። ሊቀ መንበራችን በድምፅ ማጉያ የክለቡን ታሪክ አነበበ። በእሱ ቤት ታሪኩ የሚጀምረው ሜዳው በቆርቆሮ ከታጠረ ወዲህ ነው። አያ አለምነው ተመልካቹን ከከለለው ገመድ ውጭ ቆመው ይሰማሉ። ይህ የከተማ ዳር ሜዳ የመንደራቸው ግጦሽ ነበር፤ «ልጆቹ ይጫወቱበት» ብለው ጎረቤቶቻቸውን አሳምነው የሰጡን እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ቆልማማ ዱላዎችም የጠረቡልን እሳቸው ናቸው። ስማቸው አንዴ እንኳ አልተነሣም።

እሱስ ይሁን። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሊቀ መንበሩ ጠጋ አለኝ። አምበሉም የሜዳውን በር ቁልፍ የምይዘውም እኔ ነኝ።

«የክብር እንግዳችን ይገባሉ። ሩሯን ሲይዙ ማንም ዱላ እንዳይሰነዝር። አንድ ግብ ያግቡ።»

በገና! ሹምና ገበሬ እኩል ቅልጥሙን በሚመታበት፣ ተሰዳድበን ስቀን በምንለያይበት ጨዋታ!

እንግዳው በሱፍ ልብሳቸው ሩሯን እየገፉ መጡ። እኛም እንደ ሚዜ ግራና ቀኝ ተሰልፈን አሳለፍናቸው። አገቡ፤ ተጨበጨበ።

አያ አለምነው ገመዱን አልፈው ገቡና ዱላዬን ከእጄ ወሰዱ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር። በመቱኝ ይሻል ነበር።

«ላሞቼን ልነዳበት ነው» አሉኝ። «ነገ እዚህ አመጣቸዋለሁ። ቢያንስ እነሱ ሹም አይለዩም።»

ሊቀ መንበሩ ማምሻውን ደውሎ፣ «በሩ በደንብ ይቆለፍ» አለኝ።

ቁልፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በሩን ግን አልቆለፍኩትም።