መላሽ ቁጥር ሰባት

ምሕረቴ፣ ልጄ፣

ካረፍሽ ወዲህ ሁለተኛው ጊፋታ፣ ሁለተኛው ዘመን መለወጫችን አለፈ። እጄ ለጽሑፍ ዝግ ያለ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ይህችን ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነው። አባትሽ ደህና ነው፣ የጓሮውን አጥር አድሶታል። መጽሐፎችሽም ከመደርደሪያው አልተነሡም።

እነዚያን መጽሐፎች ላቃጥላቸው አስቤ እንደነበር አልነገርኩሽም። ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ማስተማር ጀምረሽ የማርክስን ስም እቤታችን ስታነሺ ደሜ ፈላ። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችንን ያሸጉት፣ አባቴንም ያሰሩት ያንን ስም የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ክረምት ሙሉ ፊት ነሣሁሽ። አንቺ ግን አልተቆጣሽም። በድሃ ስም ድሃ ማሰር ምን ይባላል ብለሽ የአባቴን ነገር በጽሑፍሽ አስገባሽው። ፊደል የቆጠርኩት በዚያው ዘመን መሠረተ ትምህርት መሆኑንም እየሳቅሽ አስታወስሽኝ።

ከዚያ በኋላ ጓሮ መጥተሽ አጠገቤ እንሰት መፋቅ ጀመርሽ። አቤት አፋፋቅሽ! ግማሹን ከቃጫው ጋር ትተይው ነበር። ማዚያ የምንለው እንሰት አጠውልግ የሚባለውን በሽታ እንደሚቋቋም የምናውቀው እኛ ሴቶች ሆነን ሳለ መጽሐፍ ላይ የሚወጣው የተመራማሪው ስም ብቻ ነው፤ ሳይንስም የእጅ ሥራ ልጅ ነው፣ እናቱን ግን ይክዳል አልሽኝ። እኔ ሳቅሁብሽ።

ባለፈው ሳምንት የእንሰት በሽታ የሚያጠና፣ ቅጽ የያዘ ወጣት መጣ። የታመመውን እንሰት ከቆረጥኩ በኋላ ቢላዬን በእሳት እንደምለበልብ ነገርኩት። ወረቀቱን ሳየው ስሜ የለም፤ «መላሽ ቁጥር ሰባት» ይላል። ያኔ ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ስሜን ካልጻፍክ የቀረውን አልነግርህም አልኩት።

«እማማ፣ ስም የማንጽፈው እርስዎን ለመጠበቅ ነው» አለኝ።

«ከማን ነው የምትጠብቀኝ? ከእንሰቱ?»

አለቃው ጋ ደወለ፣ ብዙ ተነጋገሩ። መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ሰርዞ ስሜን ጻፈ። ይህን ማን አስተማረዎት ሲለኝ፣ እንሰቱን አማቴ ቦጋለች፣ ስሜን ማስጻፉን ልጄ ምሕረት አልኩት። ሁለታችሁንም ጻፈ።

ጌታን ስለ አንቺ አመሰግነዋለሁ፤ በዚህ ነገር እንደማንስማማ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ቻይልኝ። አንቺንም አመሰግንሻለሁ። የማዚያ ችግኝ ሊወስድ ለሚመጣ ሁሉ ስምሽን ሳልነግር አልሰጥም።

እናትሽ፣
አማረች ዳና