ከበሮው እና ተንጠልጣዩ፦ የጋሽ አውራጣት የሕይወት ታሪክ

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላል የጥንት ሰው። ዛሬ የምንሸኛቸው አባት ግማሽ ዕድሜያቸውን በዚህ ብሂል ሲያስተምሩ፣ ቀሪውን ግማሽ ደግሞ ብሂሉን ሲጠራጠሩ ኖረዋል።

ጋሽ አውራጣት ከጀልባ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ባለሁለት ክፍል ቤት ከሐይቁ ዳር፣ ከግድቡ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። የግድቡ ትርፍ ውኃ ማፍሰሻ ጩኸት ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ያለማቋረጥ ይሰማ ነበር። ገና በልጅነታቸው ታላቅ ወንድማቸው ከጀልባ ወድቀው ወደዚያ ጩኸት ሲወሰዱ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ ወዲህ ዋና አልተማሩም፤ ጀልባም አልተሳፈሩም። ዓሣ ሲያጠምዱ እንኳ እግራቸው ከጀልባ ማቆሚያው ደረቅ ጣውላ አይነሣም ነበር። ፍርሃታቸውን ለማንም አላዋዩም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በሙያ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ ተምረው፣ በ1959 ዓ.ም. የዓሣ ማጥመጃ መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ከፈቱ። ሱቁ ጠባብ ነበረ፤ የማሽን ዘይት ይሸታል፤ ጥቃቅን ጥርሳም ብረቶች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተደርድረዋል፤ መስኮቱም ወደ ጀልባ ማቆሚያው ይመለከታል። የሚመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ የትኛውን የማጥመጃ ዘንግ ልግዛ?

ዘንጎቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። ከበሮ የሚሉት የክር መጠቅለያው ከዘንጉ እጀታ በላይ በኩል የሚቀመጥ ሲሆን፣ ክሩ ሲወረወር መጠቅለያው አብሮ ይሽከረከራል። በአውራ ጣት በልኩ ካልገቱት ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ይተበተባል፤ ለሠለጠነ እጅ ግን ካሰቡት ቦታ ዝንፍ አይልም። ተንጠልጣዩ ከእጀታው በታች በኩል ይሰቀላል፤ ክሩን የያዘው ሽቦ ሲከፈት መጠቅለያው ሳይሽከረከር ክሩ በራሱ ይተረተራል፤ ከክሩ ጫፍ የታሰረው ክብደት ቀላል ቢሆንም ነፋስን ሰንጥቆ ያደርሳል። ጋሽ አውራጣት የከበሮ ሰው ነበሩ፤ ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው። ለጠየቃቸው ሁሉ ያንኑ ብሂል ይመልሱ ነበር።

ባለቤታቸውን ያወቁት በሱቁ ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበሩት እመቤት የተሰበረ ተንጠልጣይ ይዘው ቢመጡ፣ ጋሽ አውራጣት «ይኼማ የልጅ መጫወቻ ነው» አሏቸው። እርሳቸውም «ግድ የለም፣ እርስዎ ክር ሲፈቱ ይዋሉ፤ እኔ ዓሣዬን ጠብሼ እበላለሁ» አሉና ሱቁን የሞላውን ሰው አሳቁት። በ1966 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ከበሮውና ተንጠልጣዩ ጎን ለጎን በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

በ1974 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ባለቤታቸው የበኩር ሴት ልጃቸውን በጀልባቸው ውስጥ አስቀምጠው የተጠራቀመውን የዝናብ ውኃ እየቀዱ ሲያፈሱ፣ ጀልባዋ የታሰረችበት የዛገ ቀለበት ተነቀለ። መቅዘፊያዎቹ ከጣውላው ላይ ቀርተዋል። ጀልባዋ ቀስ ብላ፣ ኋላም እየፈጠነች፣ ወደ ማፍሰሻው አመራች። ጋሽ አውራጣት ከሱቁ ሮጠው ከጀልባ ማቆሚያው ሲደርሱ የማፍሰሻውን ጩኸት ሰሙ፤ በልጅነታቸው የሰሙት ያው ጩኸት ነበር። 

ከጣውላው ላይ ከቆሙት ከሁለቱ ዘንጎች እጃቸው ያነሣው የሚያውቀውን ከበሮ ነው። ክሩን ወደ ጀልባዋ ወረወሩ። ነፋሱ ከፊት ለፊት መጥቶ ክብደቱን በአየር ላይ ሲገታው፣ መጠቅለያው ግን መሽከርከሩን ቀጠለ፤ ያ ዘመኑን ሙሉ ያልሳተ አውራ ጣት በፍርሃት ተንቀጥቅጦ ዘገየ። ክሩ ተተበተበ። ለመፍታት ጎንበስ ቢሉ ጣቶቻቸው ክሩን መያዝ አቃታቸው።

«ተወው! ያንተን ተወው! የኔን አንሣ!» ብለው ጮኹ ባለቤታቸው ከጀልባዋ።

«አላውቅበትም!»

«ሽቦውን ክፈት! ክሩን በጣትህ ያዝ! ስትወረውር ልቀቀው! አንተ ሰው፣ ልጅህ እኮ ናት!»

በሕይወታቸው ነክተውት የማያውቁትን ተንጠልጣይ አነሡ። እንዴት እንደ ወረወሩት ኋላም ማስታወስ አልቻሉም። ክሩ ነፋሱን ሰንጥቆ ከጀልባዋ ማዶ ወደቀ፤ ባለቤታቸው ያዙት። ጋሽ አውራጣት በእጃቸው የቀረውን የክሩን ጫፍ ከወፍራም ገመድ ጋር አስረው ለቀቁላቸው፤ ባለቤታቸውም በክሩ ገመዱን ስበው ከጀልባዋ አፍንጫ አሰሩት። ጎረቤት ደርሶ አብሮ ጎተተ። ልጅቱ ከጣውላው ላይ ስትደርስ ጋሽ አውራጣት አቅፈዋት ቁጭ አሉ።

ፍርሃቱ በዚያ አላበቃም። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከሥራቸው ተነሥተው የጀልባዋን ገመድ ይነካኩ ነበር፤ የማፍሰሻው ጩኸት የሚገባበትን የማድ ቤታቸውንም መስኮት በጣውላ ዘጉት። የተተበተበውን ከበሮ ሳይፈቱ በሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ዘንግ ሊገዛ ለመጣም ብሂሉን መናገር ተዉ፤ ሁለቱንም ያስይዙትና «እጅህ ቢንቀጠቀጥ የትኛውን ትወረውራለህ?» ብለው ይጠይቁት ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የመንቀጥቀጥ ሕመም ያዛቸው። በቀኝ አውራ ጣታቸው ጀመረ። ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራቸው በዚያ ቀን የከዳቸው እጅ ዳግመኛ መምጣቱ ነበር። በሐኪም ሲረዱ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸውም ሲያስታምሟቸው ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ባለቤታቸውን «ፈራሁ፤ መሄዱን አላውቅበትም» አሏቸው። ባለቤታቸውም ያን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ያኔስ መች ታውቅ ነበር? ፈርተህ ነው እኮ የወረወርከው» አሏቸው።

ጋሽ አውራጣት ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ነፋስ ከማያናውጠው ዳርቻ ያድርስልን፤ ገመዷንም በእጁ ይያዝልን፤ ለቤተሰባቸው ብርታቱን ይስጥልን።

ሱቁን በጀልባዋ ውስጥ የነበረችው የበኩር ልጃቸው ተረክባለች። ከበሮው ከነትብትቡ ግድግዳው ላይ አለ።